ባትሪ ያዥ

«ባትሪውን ወደዚህ! ዓይኔ ላይ አይደለም፣ ብሎኑ ላይ አልኩሽ!»
ይላል ሙርዶ ከታች፣ በጀርባው ተኝቶ፤
ሌላው ቀን ለስላሳ፣ ሌላው ቀን ዝምተኛ፣
መፍቻ ሲጨብጥ ግን አዛዥ ነው፣ ተቆጥቶ።
ቅዳሜ ነው፣ ጥቅምት። ነፋሱ ከባሕር ጨው አዝሎ ይመጣል፣
ከመኪናችን ሥር ሁለት ጫማ ብቻ ወጥቶ ይታያል።

ነገሩ እንዲህ ነው፦
ጉድጓድ በረገጠች ቁጥር ከፊት እግሯ «ቋ!»
ወገቤ ከተሰፋ ገና ሦስት ወሩ፣
ማክሰኞ ቀጠሮ፣ ሆስፒታሉም ሩቅ፣
እያንዳንዷ «ቋ!» ደረጃ እንደሚወጣ ሰው
አከርካሪዬን ረግጣ የምታልፍ።

ጥፋቱ የቡሽ ነው፤
በብረትና በብረት መሐል የተወተፈች፣ ቡጢ የማትሞላ ጎማ፤
ሥራዋ መጎዳት፣ ሁለቱ እንዳይፋጩ፣
ደኅና ሳለች ማንም አይጠራትም፣
ስትቀደድ ብቻ ነው ስሟ የሚሰማ።

ክሪኩ ቆሟል፤ ከሥሩ ግንድ አስገብተናል፣ ክሪክ አይታመንም።
ብሎኑ ከረቡዕ ጀምሮ ዘይት ሲጠጣ ነበር፤
ጠጣ እንጂ አልሰከረም።
ሃያ ክረምት ሙሉ ጨው ልሶት፣ ዝገት አጋብቶት፣
ከክንዱ ጋር አንድ ሥጋ ሆኖ ቀርቷል።
መዶሻ። ዘይት። የጋዝ እሳት። ደግሞ መዶሻ።
ከዚያ ስድብ፤ በጌሊክ ነው፣
እንግሊዝኛው ለዝገት አይበቃም ይላል።

ሰዓቴን አየሁ።
በኛ ደሴት እሑድ ሥራ የለም፤
ልብስ ገመድ ላይ አያድርም፣ ዶሮም የምትጭረው በጨዋ ደንብ ነው።
ከእኩለ ሌሊት ወዲያ አንዲት የመዶሻ ድምፅ ከወጣች፣
እስከ ገና የሱቁ ደጃፍ ወሬ እኛ ነን።

ከመንገዱ ማዶ የቶርከል መስኮት ይበራል።
ወንድሙ ነው፣ የአንድ ማሕፀን።
የተጣሉት በአንዲት ክንድ የማገዶ አፈር፣ በድንበር።
እናታቸው ኪርስቲ በሕይወት ሳለች
«ቶርከል ሰላም ብሎሃል» ትለው ነበር፣ ቶርከል ሳይል፤
«ሙርዶ ዓሣ ላከልህ» ትለው ነበር፣ ራሷ ገዝታ።
ከቀበርናት ዘጠኝ ዓመት።
ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንገድ ላይ በተገናኙ ቁጥር፦
ቋ።

ለሌሊቱ እኩሌታ ሩብ ጉዳይ ሲሆን
ብረት አጥራችንን ሲነካ ሰማሁ። ባትሪዬን አዞርሁ፤
«ወዴት ነው የምታበሪው፣ አንቺ ሴት!»
አጥሩ ላይ አንድ ረጅም ቱቦ ተደግፏል፤
መንገዱን የሚሻገር ጀርባም አየሁ፤ አልጠራሁት።
ቱቦውን አምጥቼ በሙርዶ መዳፍ ላይ አኖርሁ።
ዳበሰው።
ያውቀዋል፣ የአባታቸው ጀልባ ቱቦ ነው፤
ጫፉ ላይ ሁለቱ ልጆች ሳሉ የነከሱት ይመስል ጎድጉዷል።
ዝም ብሎ በመፍቻው እጀታ ሰካው፣ ተንጠለጠለበት፤
ብሎኑ እንደ ተወጋ ከርከሮ ጮኸ፣
ዞረ።

«አጥፊው» አለኝ፣ «ባትሪ ድንጋይ አይለቅ።»

እሑድ መኪናችን በሦስት እግሯ ቆማ ዋለች፤
ወደ ጸሎት የሚሄደው ሁሉ አይቷት አለፈ፣ ማንም አላነሣትም።
ሰኞ አሮጌዋን በሞርሳ ገፍቶ አወጣት፣ እንደ ደረቀ በለስ ተሰነጣጥቃ፤
አዲሷን በሳሙና ውሃ አዳልጦ አስገባት።
«ገና አይጠበቅም» አለ ብሎኑን በጣቱ እያዞረ፤
«መሬት ትርገጥና ክብደቷን ትሸከም፤
አየር ላይ ካጠበቁት፣ ጎማዋ ተጠማዝዛ ትኖርና ትቀደዳለች።»
ይህን የሚያውቅ ሰው ስለ ወንድሙ ምንም አያውቅም።

ማታ ቱቦውን ጠራርጌ ተሻገርሁ፤
በሌላው እጄ ሁለት ዓሣ፣ ከወደቡ ራሴ የገዛሁት።
ቶርከል በሩን ከፈተ፤ ዓሣውን አየ፣ እኔን አየ።
«ሙርዶ ነው የላከልህ» አልሁት፤
ባትሪውን ዓይኑ ላይ ሳላበራ።